በጣና ዳር አንድ ቀን፦ በሐይቁ ሰዓት መዝናናት

ባሕር ዳር የመጣ ሰው ሁሉ ጣናን ያያል። ረጋ ብሎ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው እንግዳ አርፍዶ ይነሣል፣ ቁርሱን በልቶ እስኪጨርስ ፀሐይ ትከራለች፤ በቀትር ጀልባ ይሳፈርና ሲመለስ ነፋስ ይቀበለዋል። ወፎቹን ሳያይ፣ ጫካውን ሳይሰማ፣ ልብሱ ረጥቦ ይገባል። ሐይቁ ግን አልበደለውም፤ የመጣው ሐይቁ እንግዳ በማይቀበልበት ሰዓት ነው።

ይህ መመሪያ ለአንድ ቀን የተዘጋጀ ነው፤ ብቻዎን ቢሆኑም፣ ከትዳር ጓደኛዎ፣ ከልጆችዎ ወይም ከባልንጀራዎ ጋር ቢሆኑም ይሠራል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማለዳ መነሣትንና የሐይቁን ሰዓት መከተልን ነው። ወፉ፣ ነፋሱ፣ ጉማሬው፣ የገዳሙ ደወልና የዓሣ አጥማጁ መረብ ሁሉም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ቀንዎን በእነሱ ሰዓት ከቀየሱ ጣና ጸጥታውን አይነፍግዎትም።

ስለ ሐይቁ አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ሲሆን የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ግን እጅግም አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ የሚወጣው ወንዝ ግን ዓባይ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ እንደ ልቡ አይወጣም፤ በ1988 ዓ.ም. መውጫው ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ ፍሰቱን ይቆጣጠራል። ስለዚህ ጣና ተፈጥሯዊ ሐይቅም፣ በሰው እጅ የሚጠበቅ ማጠራቀሚያም ነው። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሐይቁና ዙሪያው በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

1. ወቅቱን ይምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ወራት ለእንዲህ ያለ ቀን የተመቹ ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሐይቁ ሞልቷል፣ ዳርቻው ገና አረንጓዴ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎችም በእነዚህ ወራት ወደ ጣና ዙሪያ ይወርዳሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ይበረታል፤ ውሃው ይሸሻል፤ ዳርቻው ጭቃና ደረቅ ሣር ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡ ይከብዳል፤ ጠዋቱ ሊያምር ቢችልም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነውና በውሃ ላይ ረጅም ጉዞ አያቅዱ።

ከሁሉ በፊት ግን የሰላሙን ሁኔታ ይጠይቁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በክልሉ የመንገዱ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ሲለዋወጥ ቆይቷል። የሚያርፉበት ቤት ባለቤት፣ የጀልባ ማኅበሩ አባላትና የከተማው ነዋሪዎች የዕለቱን ሁኔታ ያውቃሉ። ዛሬ አይሆንም ካሉዎት አይከራከሩ፤ ከተማው ውስጥ ያለው የሐይቅ ዳርቻ ብቻውን ለአንድ ቀን ይበቃል።

2. ከዋዜማው ይዘጋጁ

ጠዋት በችኮላ የሚታሰር ዕቃ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ማታውኑ እነዚህን በአንድ ቦርሳ ያሰናዱ፦

• የሚጠጣ ውሃ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር። የሐይቁ ውሃ ለመጠጥ አይሆንም።
• ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ውሃው የፀሐዩን ጨረር መልሶ ፊትዎ ላይ ያሳርፈዋል፤ ነፋሱ እያቀዘቀዘ ስለሚያዘናጋ ቃጠሎው የሚታወቀው ማታ ነው።
• ቀለል ያለ ሹራብ ወይም ጋቢ። ማለዳ ውሃ ላይ ይበርዳል።
• ነጠላ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ያስፈልጋሉ።
• ካለዎት ባይኖኩላር። ከሌለዎትም ከሚያውቁት ሰው ይዋሱ፤ የቀኑን ጣዕም እጥፍ ያደርገዋል።
• ዝርዝር ብር፣ ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚ፣ ለቡና።
• የቆሻሻ መያዣ ከረጢት።
• ለማታው የወባ ትንኝ መከላከያ። የጣና ዙሪያ ወባማ ነው፤ ሲመሽ ክንድና እግርን መሸፈን ይበጃል።

ጀልባውንም በዋዜማው ይነጋገሩ። በከተማው የጀልባ ማኅበራት አሉ፤ ባረፉበት ቤት በኩልም ማግኘት ይቻላል። ዋጋው ለአንድ ሰው ይሁን ለጀልባው፣ የደርሶ መልስ ይሁን የአንድ ጉዞ፣ የመጠበቂያ ሰዓት ይጨምር አይጨምር ቁርጥ አድርገው ይስማሙ። የቤተ ክርስቲያን መግቢያ በአብዛኛው ለብቻው ይከፈላል።

3. ጎሕ ሲቀድ ዳርቻው ላይ ይገኙ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ዳርቻው ይድረሱ። በከተማው መካከል ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ጀምሮ ውሃውን ይዞ በእግር መሄድ ይቻላል። ትልልቅ ሾላና ዋርካ ያሉበትን ቦታ ይምረጡ፤ ፍሬያቸው ወፍ ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ይሞክሩ። ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች አይንቀሳቀሱ። ስልክዎን ከኪስዎ አያውጡ። ዝም ብለው አንድ ቦታ ይቀመጡ። ሰው ሲደርስ የሸሸው ወፍ ይመለሳል፤ ዓይንም ከብርሃኑ ጋር ይላመዳል። መጀመሪያ የሚያዩት ፔሊካኖቹን ይሆናል፤ ነጭ፣ ግዙፍ፣ ከመንቁራቸው በታች ከረጢት የተንጠለጠለባቸው ናቸው። በግንድ ወይም በድንጋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀው ጥቁር ወፍ ኮርሞራንት ነው፤ ጠልቆ ዓሣ ሲያድን የራሰ ላባውን እያደረቀ ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከውሃው በላይ በአንድ ቦታ እየተርገበገበ ቆሞ ድንገት እንደ ድንጋይ የሚወድቀው ትንሽ ወፍ ዓሣ ለቃሚ ነው። ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ገላው ቡናማ ሆኖ ከዛፍ አናት ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ የሚጮኸው ደግሞ ዓሣ በል ንስር ነው፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።

ከልጆች ጋር ከሆኑ ወረቀትና እርሳስ ይስጧቸው። ስማቸውን ባያውቁም ያዩትን ወፍ መንቁርና እግር ይሣሉ። እግሩ ረጅም የሆነው ለምን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እንደሚቆም፣ መንቁሩ ጠፍጣፋ የሆነው ለምን ጭቃ እንደሚያስስ ራሳቸው ይደርሱበታል።

በዚሁ ሰዓት ታንኳዎች ሲመጡ ሊያዩ ይችላሉ። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በጥብቅ ታስሮ ይሠራል። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም ከጥቂት ወራት አያልፍም። ይህን ጥበብ ይዘው የቆዩት በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ፎቶ ለማንሣት ከፈለጉ አስቀድመው ሰላምታ ይስጡና ይጠይቁ። ከደንገል የሚሠሩትን ዕቃ ቢገዙ ለጥበቡ መቆየት የድርሻዎን ያደርጋሉ።

4. ነፋሱን ቀድመው ጀልባ ይያዙ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሳፈሩ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ቀን ላይ የብሱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ በየብስ ላይ ያለው አየር ሞቆ ሲነሣ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ለመያዝ ይገፋል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ስላለች ነፋሱ ሰፊውን ውሃ አቋርጦ ወደ እሷ ይመጣል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ደግሞ ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ነው፤ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ጠዋት ግን ውሃው ይተኛል። ከቀትር በፊት ተመልሶ መግባት የቀኑ ዋና ሕግ ይሁን።

ከመሳፈርዎ በፊት ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት መኖሩን፤ ለልጆች በልካቸው። መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ይልበሱት፣ ይቆልፉት። ሁለተኛ፣ ጀልባው ከልክ በላይ አለመጫኑን። ሦስተኛ፣ ለደርሶ መልስ የሚበቃ ነዳጅና ቢያንስ አንድ መቅዘፊያ መኖሩን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ።

ወዴት ይሂዱ? ለአንድ ጸጥተኛ ቀን ከዘጌ የተሻለ የለም፤ እንደ ጀልባው ፍጥነት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጊዜ ካጠረዎት ወይም ሕፃናት ከያዙ በዓባይ መውጫ አጠገብ ያለችው ደብረ ማርያም ትቀርባለች። በመንገድ ላይ ሁለት ደሴቶች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፣ በእንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባሉ። ዳጋ እስጢፋኖስም ለሴቶች ዝግ ነው፤ ሩቅም ስለሆነ ለዚህ ቀን አያስቡት። ከቤተሰብ ጋር የሚጓዝ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ወደብ ላይ ከመለያየት ይድናል።

5. ዘጌን በእግር ይሂዱ

ዘጌ ልሳነ ምድር ናት፤ ከሦስት ወገን በውሃ ተከባለች። ጫካዋ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። በገዳማቱ ሥርዓት በዚህ ምድር በበሬ ማረስ የተከለከለ ሆኖ ኖሯል፤ ሕዝቡ የሚተዳደረው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው። በአካባቢው ወግ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደ በቀሉ ይተረካል። በዙሪያው ያለው አገር ዛፉ አልቆ እርሻ ሲሆን ዘጌ አረንጓዴ ሆና የቀረችው ሰዎቿ ሕጉን ስለ ጠበቁ ነው።

ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያለው የእግር መንገድ በቡና ጥላ ሥር ያልፋል። በዝግታ ይሂዱ። ቀና ብለው ቅርንጫፎቹን ይመልከቱ፤ ከዓይናቸው በላይ ትልቅ ጉብ ያለ መንቁር የተሸከሙ ጥቁርና ነጭ ወፎች ፍሬ ሲለቅሙ ያዩ ይሆናል። ሲበሩ የክንፋቸው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ጦጣዎችም አሉ፤ ምግብ አይስጧቸው፣ የሰው እጅ ማየት ከለመዱ የአርሶ አደሩን ፍሬም አይምሩም። የቡና ፍሬ አይቀንጥሱ፤ ጫካ ቢመስልም የሰው ጓሮ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል፤ የሚደነቁት ሥዕሎች ያሉት በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው። ጫማዎን ያውልቁ፣ ራስዎን እንደ ሥርዓቱ ይሸፍኑ ወይም ይግለጡ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ሥዕሎቹን በእጅ አይንኩ፤ የእጅ ላብ ቀለም ይበላል። ፎቶ ማንሣት ከተፈቀደም ያለ ፍላሽ ይሁን። ቅዳሴ ላይ ከደረሱ የጉብኝቱን ነገር ይተዉትና ከውጭ ቆመው ያድምጡ። ሥዕሎቹን ከአንዱ በር ጀምረው ዙሪያውን በተራ ቢያዩ ታሪኩ ራሱ ይመራዎታል፤ ካህኑ ወይም አስጎብኚው ሲያስረዱ ታግሠው ይስሙ።

በመመለሻው ላይ ከመንደሩ ቤቶች በአንዱ ቡና ይጠጡ። የዘጌን ቡና በዘጌ ጥላ ሥር መጠጣት የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው፤ ገንዘቡም ጫካውን ለሚጠብቀው ቤተሰብ ይደርሳል።

6. ምሳዎን ከሐይቁ ዳር ይብሉ

ወደ ከተማ ሲመለሱ ረሃብ አይቀርም። የጣና ምሳ ዓሣ ነው፦ ጥብስ፣ ለብለብ፣ ጉላሽ ወይም ዱለት። ቀረሶ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ለልጆችም ይስማማል። አምባዛ ደንደን ያለና ቅባት ያለው ነው። ቢልጫ አጥንቱ ብዙ ነው፤ ሲበሉ ይጠንቀቁ።

ስለ ቢልጫ ማወቅ የሚገባዎት ነገር አለ። በጣና ውስጥ 15 ያህል የቢልጫ ዝርያዎች በሌላ በየትም የዓለም ክፍል የማይገኙ ናቸው፤ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከጋራ ዘር ወጥተው፣ አንዱ ዓሣ በል፣ አንዱ ቅጠል በል፣ አንዱ ከጭቃ ለቃሚ ሆነው የተለያዩ ናቸው። በፊሊፒንስ ላናኦ በተባለ ሐይቅ እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ ከውጭ በገቡ ዓሦችና በልቅ አጠማመድ ጠፋ። የጣናዎቹ ብዙዎች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ገባሮች ይወጣሉ፤ መረብ በወንዙ አፍ ላይ ከተዘረጋ እናቲቱ ከነእንቁላሏ ትያዛለች። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ምግብ ቤት ሲገቡ ቀረሶ ይዘዙ። በመንጠቆ ማጥመድ ከወደዱም ከወንዝ አፍ ይራቁ፤ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ትንሹን ዓሣ ወደ ውሃው ይመልሱ።

7. ከሰዓት በኋላውን በየብስ ያሳልፉ

ነፋሱ ሲነሣ እርስዎ ከውሃው ወጥተዋል። እስከ 9 ሰዓት ድረስ በጥላ ሥር ይረፉ፤ ባሕር ዳር የዛፍ ጥላ የማይነፍግ ከተማ ነው። ከዚያ ብስክሌት ይከራዩ ወይም ባጃጅ ይያዙና በምሥራቅ በኩል ወደ ዓባይ ይሂዱ። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ለብስክሌት ይመቻል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የእግረኛ መንገድ አለው፤ ቆመው ወንዙ ከሐይቁ ተለይቶ ጉዞውን ሲጀምር ማየት ይችላሉ።

ከዚያ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይውጡ። አናቱ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ፤ ወደ ግቢው ባይገቡም ከኮረብታው ወንዙ፣ ከተማውና ሐይቁ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ብርሃኑ ሲለሰልስ መድረስ ይሻላል።

ወንዙ ውስጥ ጉማሬ ያዩ ይሆናል። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል። ስለዚህ ፀሐይ ከገባች በኋላ በወንዙ ዳር በእግር አይሂዱ። በጉማሬና በውሃው መካከል በፍጹም አይቁሙ፤ ወደ ውሃው መሸሽ ሲፈልግ በፊቱ ያለውን ሁሉ ይጥሳል። አፉን መክፈቱም ማዛጋት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። በጀልባ ላይ ሆነው ካዩት ባለ ጀልባው እንዲጠጋ አይገፋፉ።

8. ሐይቁን ይዩት፣ ግን አይዋኙበት

ሙቀቱ ሲበረታ ውሃው ይጋብዛል፤ ልጆችም ይለምናሉ። ዳሩ ግን በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ተሕዋሲው በውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ገላ ይገባል፤ ለዚህ ቁስል አያስፈልገውም፣ እግርን መንከር ብቻ ይበቃል። ሣርና ደንገል ያለበት፣ የማይንቀሳቀስ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ከሁሉ የከፋ ነው። ሳያስቡት ገብተው ከሆነ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ወደ ጤና ተቋም ሄደው ይመርመሩ፤ መድኃኒቱ ይገኛል፣ ሕክምናውም ቀላል ነው። ለልጆቹ ምክንያቱን ይንገሯቸው፤ ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ከተከለከለ ልጅ ይልቅ ራሱን ይጠብቃል።

9. ሲመለሱ ሐይቁን ያስቡ

የያዙትን ፕላስቲክ ሁሉ በከረጢትዎ ይዘው ይመለሱ፤ ዳርቻው ላይ የወደቀ ካዩም ጨምረው ያንሡ። ደንገሉን አይቁረጡ፤ ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ ጎጆ የሚሠራበት፣ ከየብስ የሚመጣውን ደለል የሚያጣራ እሱ ነው።

ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ካዩ እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ሲሆን ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ በተለይ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ፣ የደንቢያንና የፎገራን ዳርቻ አስጨንቋል። ከአንድ ቁራጭ ይራባል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አበባው ቢያምርም ቆርጠው አይውሰዱ፤ ከአንድ ዳርቻ ወደ ሌላ በጀልባ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይሄድ ባለ ጀልባውን ያስታውሱ። በየዓመቱ አርሶ አደሮች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል፤ ጎብኚ ከዚህ ድካም ላይ ባይጨምር ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛ ቀን ካለዎት በአዲስ አበባ መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው መራዊ ከተማ አጠገብ የቆጋን ግድብ ይጎብኙ። ለ7,000 ሄክታር መስኖ ታስቦ የተገነባ ማጠራቀሚያ ነው፤ የጎብኚ ግርግር የለበትም፤ ወፎችን ለማየትና በእግር ለመንሸራሸር ይመቻል። የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይገባል፤ የመጀመሪያውን ቀን ያዩት ውሃ ከየት እንደሚመጣ ይረዱበታል። ሕጉም ያው ነው፦ ማለዳ ይሂዱ፣ ለዳርቻው ሰዎች ሰላምታ ይስጡ፣ ጠይቀው ይለፉ፣ ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ። ይህን በጣና የለመደ ሰው በሌሎች ሐይቆች፣ በሐዋሳም፣ በባቦጋያም እንዴት መዋል እንዳለበት ያውቃል።